«ሹመት ያዳብር»፦ በአየርላንድ ጥምር መንግሥት የሚኒስትር ዴኤታዎች አሿሿም



በአገራችን አንድ ሰው ሲሾም «ሹመት ያዳብር» ብሎ መመረቅ የቆየ ልማድ ነው። ምርቃቱ ለተሿሚው ነው፤ ከትንሹ ሹመት ወደ ትልቁ ያድርስህ ማለት ነው። ዛሬ በምናነሣት አገር፣ በአየርላንድ፣ ምርቃቱ የደረሰው ለሰዎቹ ሳይሆን ለሹመቱ ራሱ ይመስላል። በ1924 ከ7 እንዳይበልጥ በሕግ የተወሰነው የታናናሽ ሹመት ቁጥር፣ በ2025 ጣሪያው 23 ደርሷል። እዚህ ላይና ወደፊትም የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ስለ ጥምር መንግሥት ስንነጋገር ዐይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በታላላቆቹ ወንበሮች ላይ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ሆነ? ገንዘብ ሚኒስቴርን የትኛው ፓርቲ ወሰደ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ጥምረትን ከቀን ወደ ቀን አያይዞ የሚያቆየው ብዙ ጊዜ ከትልቁ ወንበር ሥር ያለው ትንሹ ወንበር ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህ ትንሽ ወንበር ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያድለው፣ ዋጋውስ ለማን እንደሚተርፍ መመርመር ነው።

የሹመቱ ሕጋዊ መሠረት

የአየርላንድ ሕገ መንግሥት የጸደቀው በ1937 ነው። አንቀጽ 28 መንግሥቱ ከ7 ያላነሱና ከ15 ያልበለጡ አባላት እንደሚኖሩት ይደነግጋል። ቲሸክ ተብሎ የሚጠራው የመንግሥቱ መሪ፣ ታኒሽታ የሚባለው ምክትሉና የገንዘብ ሚኒስትሩ የታችኛው ምክር ቤት፣ ማለትም የዳል፣ አባላት መሆን አለባቸው። የቀሩት ከሁለቱ ምክር ቤቶች ሊመረጡ ይችላሉ፤ ሆኖም ሻናድ ከሚባለው ከላይኛው ምክር ቤት ከሁለት በላይ ሊሆኑ አይችሉም። የመንግሥቱ አባላት እጩነት በዳል ይጸድቃል፤ ከዚያም ፕሬዚዳንቱ ይሾሟቸዋል።

ሚኒስትር ዴኤታዎች ግን ከዚህ ማዕቀፍ ውጭ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ አያውቃቸውም። የፈጠራቸው ተራ ሕግ ነው። ከ1924 ጀምሮ «የፓርላማ ጸሐፊ» የሚባል ሹመት ነበር፤ በ1977 የወጣው ሕግ ይህን አስቀርቶ በምትኩ ሚኒስትር ዴኤታን አቋቋመ፤ ቁጥሩንም ከ10 እንዳይበልጥ ወሰነ። የሚሾሟቸው ቲሸኩ እያቀረቡ መንግሥቱ ነው። ዳል ድምፅ አይሰጥባቸውም፤ ፕሬዚዳንቱም ማኅተም አያሳርፉባቸውም። ሲሻሩም እንዲሁ ነው።

ለእኛ አገር አድማጭ አንድ ልዩነት መጠቆም ያስፈልጋል። በእኛ ሕገ መንግሥት ሚኒስትር ለመሆን የምክር ቤት አባል መሆን ግዴታ አይደለም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ብቃት አላቸው ያሏቸውን ሰዎች ከውጭም ማቅረብ ይችላሉ። በአየርላንድ ግን ሚኒስትሩም ሚኒስትር ዴኤታውም የአንዱ ምክር ቤት አባል መሆን አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ሹመት ከተወሰኑ ተመራጮች መካከል የሚታደል ነው፤ አንዱ ሲሾም ያልተሾመው ባልደረባው ከጎኑ ተቀምጦ ይመለከታል። የነገሩ ምሥጢር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ሌላው ቁልፍ ነጥብ የሥልጣን ውክልና ነው። ሚኒስትር ዴኤታ በሹመቱ ብቻ ሥልጣን አያገኝም። ሚኒስትሩ ሲጠይቅ መንግሥቱ የውክልና ትእዛዝ ያወጣል፤ በዚያ ትእዛዝ የተዘረዘሩት ተግባራት ወደ ሚኒስትር ዴኤታው ይተላለፋሉ። ከተላለፉ በኋላም ሥልጣኑ ከሚኒስትሩ እጅ አይወጣም፤ በዳል ፊት ተጠያቂው እርሱ ራሱ ሆኖ ይቀጥላል። እንግዲህ ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሰፊ ውክልና ያለው ዴኤታና ባዶ ማዕረግ የተሸከመ ዴኤታ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ ማለት ነው።

ውኃው ዝቅ ወዳለው ግድብ

አሁን ቁጥሮቹን እንመልከት። የመንግሥቱ አባላት ቁጥር በ15 የታጠረው በሕገ መንግሥት ነው። ያን ለመለወጥ ሕዝበ ውሳኔ ያስፈልጋል። የዴኤታዎች ቁጥር ግን የታጠረው በተራ ሕግ ነው፤ አብላጫ ድምፅ ያለው መንግሥት በጥቂት ቀናት ሊያሻሽለው ይችላል። አንዱ ግድብ የድንጋይ፣ ሌላው የጭቃ ነው። የሹመት ፈላጊው ጎርፍ ሲመጣ ወዴት እንደሚፈስስ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

በ1977 ጣሪያው 10 ነበር። በ1980 ወደ 15፣ በ1995 ወደ 17፣ በ2007 ወደ 20፣ በ2025 ደግሞ ወደ 23 ከፍ አለ። ብዙ ሰዎች ይህን ተመልክተው «ጥምር መንግሥት የፈጠረው ነው» ይላሉ። ድምዳሜው ግን ከማስረጃው ይፈጥናል። የ1977ቱና የ1980ው ሕግ ሲወጡ አገሪቱን ያስተዳድር የነበረው አንድ ፓርቲ ብቻ ነበር፤ ፊያና ፎል በ1977 ምርጫ ከ148 መቀመጫዎች 84ቱን አሸንፎ ነበር። በ1979 መጨረሻ ቻርልስ ሆሂ የፓርቲውን መሪነት ያገኙት ጆርጅ ኮሊን 44 ለ38 በሆነ ጠባብ ውጤት አሸንፈው ነው። የተከፈለ ፓርቲ ወረሱ፤ በተከታዩ ዓመት የዴኤታዎች ቁጥር በአንድ ጊዜ በ5 አደገ። አንድ ፓርቲ ራሱ በውስጡ ጥምረት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል።

በተቃራኒው የ2011ን ጥምር መንግሥት ተመልከቱ። ፊነ ጌልና የሌበር ፓርቲ በአንድነት ከ166 መቀመጫዎች 113 ነበራቸው፤ ሕጉ 20 ቢፈቅድም የሾሙት 15 ዴኤታዎችን ነው። በእርግጥ ወቅቱ የከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ ነበር፤ ከእነርሱ በፊትም ብራያን ካወን በ2009 ቁጥሩን ከ20 ወደ 15 አውርደውት ነበር። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሹመትን የሚያበዛው የፓርቲዎች ቁጥር ብቻ ሳይሆን የአብላጫው መሳሳት ጭምር ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ውድ ሲሆን እያንዳንዱ ድምፅ ሰጪም ይወደዳል።

ሦስቱ ተግባራት

ሚኒስትር ዴኤታነት በአየርላንድ ሦስት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ ያሠራል፣ ያስጠብቃል፣ ያካክሳል። በየተራ ልመልከታቸው።

የመጀመሪያው የመንግሥት ሥራ ራሱ ነው። አሥራ አምስት ሰዎች የዘመናዊ መንግሥትን ጉዳይ ሁሉ ሊሸከሙ አይችሉም። የሕዝብ ሥራዎች ጽሕፈት ቤትን እንውሰድ፤ የጎርፍ መከላከል፣ የታሪካዊ ቅርሶችና የመንግሥት ሕንጻዎች አስተዳደር በእርሱ ሥር ነው። በልማድ የሚመራው በአንድ ሚኒስትር ዴኤታ ነው። የሻነን ወንዝ ሞልቶ የአትሎን ከተማ ነዋሪ ቤቱን በአሸዋ ከረጢት ሲያጥር፣ «ኃላፊው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው ያንን ዴኤታ ነው። ይህን ሹመት ጌጥ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሁለተኛው ጥበቃ ነው። ማይክል ቲስ የተባሉት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ በ2001 ባሳተሙት ጥናት የጀርመንን፣ የጣሊያንን፣ የጃፓንንና የኔዘርላንድስን ጥምር መንግሥታት አነጻጽረው ነበር። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ጥምር ፓርቲዎች ሚኒስቴሮችን ይከፋፈላሉ፤ ግን አይተማመኑም። ስለዚህ አንዱ ፓርቲ በሚመራው ሚኒስቴር ውስጥ ሌላው ዴኤታ በማስቀመጥ ይቆጣጠራል። «ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» እንዲሉ፣ ውስጥ ሆኖ የሚጮኽ ሰው ያስፈልጋል።

በአየርላንድ ይህ ጥበቃ ምን ያህል ይሠራል? የሮሺን ሾርታልን ጉዳይ እናንሣ። በ2011 የተሾሙት እኚህ የሌበር ፓርቲ አባል የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ዴኤታ ነበሩ፤ ሚኒስትሩ የፊነ ጌሉ ጄምስ ራይሊ ነበሩ። በ2012 የጤና ማዕከላት የሚሠሩባቸው ቦታዎች ዝርዝር ሲወጣ፣ በሚኒስትሩ የምርጫ ክልል የሚገኙ ሁለት ቦታዎች፣ ስዎርድስና ባልብሪገን፣ ተጨምረውበት ተገኙ። ሚኒስትሩ ውሳኔው አግባብ ነው ሲሉ ተከላከሉ፤ ዴኤታዋ በመስፈርቱ ላይ ጥያቄ አነሡ። በመጨረሻም በመስከረም ወር 2012 ሹመታቸውንም የፓርቲያቸውን የምክር ቤት ቡድንም ለቀቁ። ጠባቂዋ ጮኻለች፤ ግን ያላት ብቸኛ መሣሪያ በሩን ዘግቶ መውጣት ነበር። ዴኤታ የማየት ዕድል አለው፤ የማስቆም ሥልጣን ግን የለውም። ጥበቃው ፍሬ የሚኖረው የራሱ ፓርቲ መሪ ከኋላው ሲቆም ብቻ ነው።

ሦስተኛው ማካካስ ነው፤ በጋዜጣ የሚወራው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። የአየርላንድ ምርጫ የሚካሄደው በተላላፊ ድምፅ የተመጣጣኝ ውክልና ሥርዓት ነው። መራጩ እጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ ከአንድ የምርጫ ክልል ከ3 እስከ 5 ተመራጮች ይወጣሉ። የአንድ ፓርቲ እጩዎች እርስ በርሳቸው ይፎካከራሉ ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ «የአካባቢያችን ሚኒስትር» መባል ትልቅ ስንቅ ነው። ስለዚህ ሹመት ሲታደል አውራጃዎች ይቆጠራሉ። በ2020 የፊያና ፎል፣ የፊነ ጌልና የአረንጓዴ ፓርቲ መንግሥት ሲመሠረት፣ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ተረሳ የሚል ከፍተኛ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። የሕዝቡ ቀልድ ራሱ ነገሩን ይገልጸዋል፤ ሚኒስትርነትን ከመንግሥት መኪና ጋር አያይዘው፣ ዴኤታነትን «ግማሽ መኪና» ይሉታል።

የማካካስ ፖለቲካ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የ2016ቱ ታሪክ ያሳያል። የኤንዳ ኬኒ መንግሥት በግል ተመራጮች ድጋፍ የቆመ ነበር። ከደጋፊዎቹ ሁለቱ፣ ሾን ካኒና ኬቨን ሞራን፣ ያን የጎርፍ መከላከል ዴኤታነት ፈለጉት። የተስማሙበት መፍትሔ በየተራ መያዝ ነበር፤ ማን እንደሚጀምር ደግሞ በሳንቲም ዕጣ ተወሰነ። ካኒ ቀደሙ፤ ሞራን በ2017 ተረከቡ። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ ይስቃል፤ አንዳንዱ ያዝናል። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ሞራን የአትሎን ሰው ናቸው፤ በጎርፉ ወቅት ከነዋሪው ጋር በመቆም የታወቁ የአካባቢ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ስለዚህ ዕጣ የወጣበት ሹመት ለቦታው የሚገባ ሰውን ሊያገኝ ይችላል። ማካካስና ማሠራት ሁልጊዜ ጠላቶች አይደሉም። ችግሩ ሕዝቡ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይበት መንገድ ማጣቱ ነው።

በጠረጴዛው ዙሪያ የተጨመሩት ወንበሮች

በ1994 መጨረሻ ፊነ ጌል፣ ሌበርና ዴሞክራሲያዊ ግራ የተባለው ትንሽ ፓርቲ ሲጣመሩ የወንበር ጥያቄ ተነሣ። አሥራ አምስቱ ወንበሮች ትንሹ ፓርቲ ለጠየቀው ሁሉ አልበቁም። መፍትሔው አዲስ ፈጠራ ሆነ፤ የፓርቲው ፓት ራቢት ሚኒስትር ዴኤታ ሆነው በካቢኔው ስብሰባ እንዲገኙ ተደረገ። ይቀመጣሉ፣ ይናገራሉ፣ ግን የመንግሥቱ አባል አይደሉም። ከዚያ በፊት በዚህ ዓይነት ይገኝ የነበረው የመንግሥት ዋና ተጠሪው ነበር። በ1997 ፕሮግረሲቭ ዴሞክራትስ ለቦቢ ሞሎይ ተመሳሳይ ወንበር አገኙ። ለአንድ ችግር የተፈጠረው መላ ወግ ሆነ።

የዚህ ወንበር ውስጣዊ ቅራኔ በ2011 ታየ። የሌበሩ ዊሊ ፔንሮዝ የቤቶች ጉዳይ ዴኤታ ሆነው በካቢኔው ይገኙ ነበር። መንግሥቱ በምርጫ ክልላቸው በመለንጋር ከተማ የሚገኘውን የጦር ሠፈር ለመዝጋት ሲወስን፣ በኅዳር ወር ሹመታቸውን ለቀቁ። ልብ በሉ፤ ሰውየው በውሳኔው ላይ የመንግሥት አባል ድምፅ አልነበራቸውም፤ ይሁንና ውሳኔውን መሸከም ይጠበቅባቸው ነበር። ሳይወስኑ መሸከም ማለት ይህ ነው።

በ2020 እንዲህ ያሉ ዴኤታዎች ሦስት ሆኑ፤ ከእነርሱም አንዷ ከላይኛው ምክር ቤት የመጡት ፒፓ ሃኬት ነበሩ። ለሦስተኛው ሰው ተጨማሪ አበል ለመክፈል ሕግ ሲሻሻል፣ ወረርሽኝ ያስጨነቀው ሕዝብ እጅግ ተቆጣ። በ2025 ደግሞ አራት ሆኑ።

የ2025ን ስሌት በጥቂቱ ላብራራ። በኅዳር 2024 ምርጫ ዳል 174 መቀመጫዎች ነበሩት። ፊያና ፎል 48፣ ፊነ ጌል 38 አገኙ፤ ድምሩ 86። ለአብላጫ 88 ያስፈልጋል። ሁለት ድምፅ ጎደለ ማለት ነው። ክፍተቱን የሞሉት የግል ተመራጮች ናቸው። ከእነርሱ አንድም ሰው ከ15ቱ ወንበሮች አላገኘም፤ አምስቱ ግን ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ፦ ሾን ካኒ፣ ኖኤል ግሪሊሽ፣ ማሪያን ሃርኪን፣ ማይክል ሂሊ-ሬይና ኬቨን ሞራን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በካቢኔው ጠረጴዛ ዙሪያም ተቀመጡ። በሳንቲም ዕጣ የተለያዩት ሁለቱ ሰዎች ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም አንድ ላይ ተሾሙ፤ ምክንያቱም አሁን ወንበሩ በዝቷል።

ሚሆል ማርቲን ቲሸክ ሆነው የተመረጡት 95 ለ76 በሆነ ድምፅ ነው። አሥራ አምስቱን ሚኒስትሮችና ሃያ ሦስቱን ዴኤታዎች ስንደምር 38 ሹመት ይሆናል። ከ95ቱ የድጋፍ ድምፅ ጋር ስናስተያየው፣ ለአምስት ደጋፊ ሁለት ሹመት ይደርሳል። መንግሥትን መጠየቅ ካለበት ምክር ቤት ውስጥ፣ ከገዢው ወገን ይህን ያህሉ ራሱ መንግሥት ከሆነ ጠያቂው ማን ነው? ለእኔ የነገሩ ክብደት ያለው ከአበሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤትም ደርሷል። የሺን ፌኑ ፓ ዴሊና የፒፕል ቢፎር ፕሮፊቱ ፖል መርፊ ያቀረቡት ክርክር በሐምሌ 2025 በከፍተኛው ፍርድ ቤት በሦስት ዳኞች ፊት ተሰምቷል። የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ሕገ መንግሥቱ የመንግሥቱን አባላት በ15 ከወሰነ፣ በጋራ እንዲመክሩና በጋራ እንዲጠየቁም ካዘዘ፣ አባል ያልሆኑ ሰዎች ዘወትር በምክክሩ እንዴት ይሳተፋሉ? ለዚህ የሚሰጠው መልስ ደግሞ መገኘትና መወሰን የተለያዩ ናቸው የሚል ነው፤ የመንግሥቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም አባል ሳይሆን በስብሰባው ይገኛል። እኔ ግን በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት ይታየኛል። ዐቃቤ ሕጉ የሚቀመጠው ምክር ለመስጠት ነው፤ ዴኤታው ግን የሚቀመጠው ድርሻ ስላለው ነው። ድርሻ ያለው ሰው ሲናገር ድምፁ ባይቆጠርም ይመዘናል።

ምን እንፍረድ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረታችንን ይዘን ነገሩን ሁሉ በመብል ብንተረጉመው ይቀልል ነበር። እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበለውም። የአየርላንድ ጥምረቶች በስምምነት የሚመሠረቱ፣ በድምፅ የሚፈርሱ፣ ሥልጣንን በሰላም የሚያስተላልፉ ናቸው። ተፎካካሪን በወንበር ማግባባት በሌላ መንገድ ከማስገደድ እጅግ የተሻለ ነው። በአገር ጉዳይ ላይ ትንሽ ድርሻ ያለው ሰው ትልቁን ቤት ለማፍረስ ይሳሳል። ጥቂት ተጨማሪ ሹመቶች በየዓመቱ ከሚደገም ምርጫ ይረክሳሉ።

ደግሞም ሹመት ሁሉ አይገዛም። በ2020 የፊያና ፎሉ ጂም ኦካላሃን በፍትሕ ሚኒስቴር ዴኤታ እንዲሆኑ ሲጠየቁ እምቢ አሉ። በ2025 የዚያው ሚኒስቴር ሙሉ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። «ግማሽ መኪና» ለሁሉም እኩል ዋጋ የለውም።

ይሁን እንጂ ማግባባቱ በግልጽ እንዲሆን መጠየቅ የዜጋ መብት ነው። ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የዴኤታው ስም በሚገለጽበት ዕለት የሥልጣን ውክልናው ትእዛዝም አብሮ ይውጣ። ምን እንደሚሠራ ሳይነገር የተሾመ ሰው የተሾመው ለሥራ አይደለም ብለን ለመጠርጠር እንገደዳለን። ሁለተኛ፣ የዴኤታዎች ጣሪያ የሚለወጠው ለሚቀጥለው ምክር ቤት እንዲሆን ሕጉ ይደንግግ፤ ተደራዳሪዎች የሚካፈሉትን እንጀራ በድርድሩ ማግሥት ራሳቸው አያስፉት። ሦስተኛ፣ በካቢኔው የሚገኙ ዴኤታዎች እጩነት እንደ ሚኒስትሮቹ ሁሉ በዳል ይጽደቅ። በጠረጴዛው ዙሪያ ለመቀመጥ የበቃ ሰው በሕዝብ ተወካዮች ፊት ለመቆምም ይብቃ።

ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም ሕዝበ ውሳኔ አያስፈልገውም። ቁጥሩን ከፍ ያደረገው ዓይነት ተራ ሕግ ይበቃቸዋል። ባለፉት አርባ ስምንት ዓመታት ያ ሕግ የተሻሻለው ወንበር ለመጨመር ነው፤ የወንበሩን ኃላፊነት ለማጥራትም ሊሻሻል ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፤ ወደፊት ስለ የትኛውም አገር መንግሥት ስትመረምሩ የሚኒስትሮቹን ዝርዝር አንብባችሁ አትቁሙ። ወደ ሁለተኛው ገጽ፣ ወደ ዴኤታዎቹ ስም ዝለቁ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦ ምን ሥልጣን ተወክሎለታል? ማንን ይጠብቃል? ምን ተካክሶለታል? መልሱን ስታገኙ ጥምረቱ በምን እንደተሰፋ፣ በየት በኩልም ሊተረተር እንደሚችል ታያላችሁ።